ፊቱ አይነበብም

አዛውንቱ ልብስ ሰፊ ሞተው የተገኙት ሐሙስ ከምሳ በኋላ ነው። ሻይ የምታዞረው ሴት ኩባያውን ከራስጌያቸው ልታስቀምጥ ስትጎነበስ ትንፋሽ አልሰማ አላት። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ወዲህ ቀንም ሌትም ሲያቃስቱ የከረሙ ሰው ነበሩ። ከአልጋቸው አጠገብ ትሪ ላይ ሦስት ባዶ የሞርፊን ብልቃጦች ተቀምጠዋል። የአስከሬን ምርመራው ውጤትም ብዙ አላስጠበቀም፤ በደማቸው ውስጥ የተገኘው ማስታገሻ እንኳን ለደከመ ሽማግሌ ለጎረምሳም የሚበዛ ነው። መርፌውን የወጋችው ተለማማጅ ነርስ እዚያው ከነጋውኗ ተያዘች።

ጉዳዩ የደረሰው ኢንስፔክተር በመሥሪያ ቤቱ “ቀፈፈኝ” ይባላል። ቅጽል ስሙን ያገኘው ከራሱ አፍ ነው። ደም አያስደነግጠውም፤ አስከሬን አጠገብ ቆሞ ዳቦውን ሲገምጥ ያዩት አሉ። ሰው ክፉ ሠርቶ ሲያበቃ በሚያምር ቃል ሲያለባብሰው የሰማ እንደሆነ ግን ከንፈሩ ይጣመማል፣ “ኤጭ፣ ቀፈፈኝ” ይላል፣ ያን ቀን ምግብ አይበላለትም። ሚስቱ “ሆድህ ከሕሊናህ ጋር በአንድ ቱቦ ነው የተገናኘው” እያለች ትቀልድበታለች።

“ይሄ ቀላል ነው” አለው አለቃው። “ልጅቷ ወጋች፣ ሰውየው ሞቱ። ሰኞ ዐቃቤ ሕግ በግድያ ይከሳታል። አንተ ፋይሉን አሳምረህ አስረክብ።”

“ለምን ገደለቻቸው?”

“እሱን ራሷን ጠይቃት።”

ጠየቃት። ተለማማጇ በምርመራ ክፍሉ ወንበር ላይ ኩርምት ብላ የጋውኗን እጅጌ ትጎትታለች። ፊቷ ገና የልጅ ፊት ነው።

“ስንት ብልቃጥ ሰጠሻቸው?”

“ሦስት።”

“ማን አዘዘሽ?”

“መነጽሩ።”

ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። “እንደማላውቅ አድርገሽ አስረጂኝ አልልሽም፤ ጭራሽ ስለማላውቅ አስረጂኝ።”

አስረዳችው። በሆስፒታሉ ተለማማጆች በሙሉ መነጽር ያጠልቃሉ። መነጽሩ ፊት ለፊት ያለውን አይጋርድም፤ በላዩ ላይ ጽሑፍና ምስል ይጨምርበታል። ውስጡ ያለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የበሽተኛውን ፊት እያየ ምን ያህል እንደሚያመው ይናገራል፣ የሚበቃውን መድኃኒት ይመክራል። ሥልጠናውም በዚሁ ነው። በማሠልጠኛው ክፍል ባዶ አልጋ አለ፤ መነጽሩን ያጠለቀ ሰው ግን አልጋው ላይ የተኛ በሽተኛ ያያል፣ ሲያቃስት ይሰማል፣ ያክመዋል። ቢሳሳት የሚጎዳ ሰው የለም።

“ሦስት በዛ ብለሽ አልጠረጠርሽም?”

“ረቡዕም ሦስት ነበር፣ ማክሰኞም። መጀመሪያ አንድ ነበር የሚሰጣቸው፤ አልሠራ ሲል ሐኪሙ እየጨመረ መጣ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ እንደዚያው ናቸው። ሦስት የወሰደ ሰው ሲያቃስት እያየሁ ነው የተማርኩት።”

“እሺ፣ ከወጋሽ በኋላስ?”

“መነጽሩ ተበላሸ። ‘ፊቱ አይነበብም’ የሚል ጽሑፍ አወጣ። እንደዚያ ብሎ አያውቅም። ላሠራው ይዤው ምድር ቤት ወደ ቴክኒሻኑ ወረድኩ።”

“ሰውየውን ሳታያቸው?”

“መነጽሩ ተበላሽቶ እንዴት አያለሁ?”

ያለችው ነገር ለራሷ የተሰማት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። በእጇ አፏን ያዘች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። ኢንስፔክተሩ ቀፈፈው። ልጅቷ አይደለችም የቀፈፈችው፤ ሁለት ዓይን ያላትን ልጅ እንዲህ አድርጎ ያሠለጠነ ሰው መኖሩ ነው።

የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ኮስታራ፣ ጋውኗ እንደ ወረቀት የተተኮሰ ሴት ናት። እጇን አጣጥፋ ነው የተቀበለችው።

“ስለ ልጅቷ ምን ይሉኛል፣ ሲስተር?”

“ሰው ማማት አልወድም” አለች፤ ቀጥላም አማች። “እጇ ፈጣን ነው። በዚህ ክፍል ያሉ በሽተኞች መድኃኒታቸውን ወስደው ህመማቸው አይታገስም። ለምን ይመስልዎታል? አንድ ሰው ድርሻቸውን እየወሰደባቸው ነው።”

“ሰርቃቸው ቢሆን ሰውየው በሞርፊን እጦት ይሠቃያሉ እንጂ በሞርፊን ብዛት እንዴት ይሞታሉ?”

ሲስተር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የሟቹ አማች ረቡዕ ዕለት አልጋው አጠገብ ቆሞ ስለ ልብስ ስፌት ቤቱ ሽያጭ ሲጮህባቸው እንደነበር ነገረችው። ኢንስፔክተሩ አማችየውን ፈልጎ አገኘው። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሐሙስ ዕለት ሙሉ አውቶቡስ ተሳፋሪና አንድ ነገረኛ ረዳት ይመሰክሩለታል። መጮሁን አልካደም። “አማቴ ጆሯቸው ትንሽ ደከም ያለ ነው፤ ሁላችንም እንጮህባቸዋለን” አለ።

ቴክኒሻኑ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ምድር ቤት በሽቦና በስክሪን መሀል የሚኖር፣ ዓይኑን ከሰው ዓይን የሚያሸሽ ሰው ነው።

“ሐሙስ ተለማማጇ መነጽር ልታሠራ አንተ ጋ መጥታ ነበር?”

“አልመጣችም።”

“እርግጠኛ ነህ?”

“ማንም አልመጣም” አለ፣ ለስክሪኑ።

አለቃው ይህን ሲሰማ እጁን አፋተገ። “ውሸታም ናት ማለት ነው። በቃ ዝጋው።” ኢንስፔክተሩ ግን አልዘጋውም። ውሸታም ሰው ሲዋሽ ራሱን የሚያሳምርበትን ነው የሚዋሸው፤ ይህቺ ልጅ ግን ሰውየውን ሳላይ ጥያቸው ሄድኩ ብላ በራሷ ላይ ነው የመሰከረችው።

የሟቹን ልጅ ያገኛት ልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ ነው። እጅጌ ያልተገጠመለት ኮት በእንጨት ላይ ተሰቅሏል፤ እሷ በአባቷ ወንበር ተቀምጣ አትሰፋም፣ አትነሳም።

“ስለ አባትሽ ንገሪኝ፣ እህቴ።”

“አመለኛ ነበር” አለችና ፈገግ ለማለት ሞከረች። “ሲያመው እንኳ ሥራውን አይረሳም። የአንሶላውን ጠርዝ በሁለት ጣቱ ይዞ ያሽ ነበር፣ እንዲህ፣ ጨርቅ ሊገዛ እንደገባ ሰው። ‘ልጄ፣ አንሶላቸው ተራ ነው፣ ሁለት ጊዜ ከታጠበ ያልቅለታል’ ይለኛል። ህመሙ በጠና ቁጥር ማሸቱን ያበዛዋል።”

“መርፌው ያስታግስላቸው ነበር?”

መልሱን የተናገረችው ለኮቱ ነው። “ምንም አላደረገልኝም ይል ነበር። በየቀኑ። እኔ ደግሞ ሰለቸኝ፤ ሰው ፊት አሳፈረኝ። ‘አባዬ፣ ሁሉም ታማሚ ነው፣ እንደ ሕፃን አትሁን’ አልኩት። ከዚያ ወዲያ እኔ ስመጣ ማቃሰቱን ተወ። ጥርሱን ነክሶ አንሶላውን ብቻ ያሻል። ለእኔ ብሎ ነው ዝም ያለው።”

ኢንስፔክተሩ ማስታወሻ ደብተሩን አጠፈ።

“ሐሙስ መሞቱን ማንም ሳይነግረኝ ስደርስ” አለች፣ “ሆስፒታል ከገባ ወዲህ ፊቱን እንደዚያ ዐርፎ አይቼው አላውቅም። ተሻለው ብዬ ደስ አለኝ። እስክነካው ድረስ።”

ኢንስፔክተሩ በማግስቱ ጠዋት ወደ ማሠልጠኛው ክፍል ሄዶ እንደ ተለማማጆቹ መነጽር አጠለቀ። ባዶው አልጋ ላይ አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ፊታቸው ማንንም አይመስልም፤ ከብዙ ሰው ፊት ተቆራርጦ የተገጣጠመ ፊት ነው። ሲያቃስቱ ግን የኢንስፔክተሩ ፀጉር ቆመ። እንደዚያ የሚያቃስት ተዋናይ የለም።

“እኚህ አይጠግቤ ናቸው” አለው ከተለማማጆቹ አንዱ፣ እየሳቀ። “የፈለጉትን ያህል ቢወጓቸው አይረኩም። አንድ ይስጧቸው፣ ያቃስታሉ። ሦስት ይስጧቸው፣ ያቃስታሉ። ማሽኑ ሦስት ሲሞላ ‘በቂ ነው’ ብሎ ነጥብ ይሰጥዎታል እንጂ እሳቸውስ ፋታ የላቸውም።”

“ዝም ብለው አያውቁም?”

“ኧረ በጭራሽ። እኛ እንግዲህ የማሽኑ ጉድለት ነው ብለን ለምደነዋል።”

ኢንስፔክተሩ አንድ ሰጣቸው፣ ቀጥሎ ሌላ። ሽማግሌው ጥርሳቸውን ነከሱ። ከዚያም በአውራ ጣታቸውና በጠቋሚ ጣታቸው የአንሶላውን ጠርዝ ያዙና ማሸት ጀመሩ፤ በዝግታ፣ በጥንቃቄ፣ ጨርቅ ሊገዛ እንደገባ ሰው።

ኢንስፔክተሩ መነጽሩን ከፊቱ ላይ ነቀለው። ተለማማጁ ሳቁን ሳይጨርስ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ምድር ቤት የደረሰው ደረጃውን በሩጫ ወርዶ ነው። በሩን ከኋላው ዘጋና ወንበር ስቦ ከቴክኒሻኑ ፊት ተቀመጠ።

“የመጀመሪያ ጥያቄ። ይህ ማሽን ማቃሰት ከማን ተማረ?”

“ከ... ከተቀረጹ ምስሎች።”

“ከዚያ ክፍል በሽተኞች ነው። ሁለተኛ ጥያቄ። ሁለታችንም እናስብ። ህመሙ የታገሰለት ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ማሽኑ ለምን አያውቅም?”

ቴክኒሻኑ ወደ ስክሪኑ ዞረ። “ማሽን ያላየውን አያውቅም” አለ በመጨረሻ።

“አላየም ማለት ነው።”

“አላየም። ከመርፌ በፊትና ከመርፌ በኋላ ያለውን ነው የቀረጽነው። ከመርፌ በኋላ ያለው ከበፊቱ ጋር አንድ ሆነብኝ። ለማሠልጠኛው ኃላፊ፣ ለፕሮፌሰሩ፣ ስነግራቸው ‘አንተ ምስሉን አስገባ፣ ሕክምናውን ለእኔ ተው’ አሉኝ።”

“ቀረጻው መቼ አበቃ?”

“ረቡዕ። ካሜራዎቹን ያነሳሁት እኔ ነኝ።”

“ሐሙስስ ልጅቷ መጥታ ነበር?”

ቴክኒሻኑ መሳቢያውን ከፍቶ አንድ መነጽር አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። “መጥታለች። ፕሮፌሰሩ ካሉበት ደውለው ‘ስለ ቀረጻው አንድ ቃል እንዳትተነፍስ’ አሉኝ። መጥታ ነበር ካልኩ መነጽሩ ምን እንዳለ ትጠይቁኛላችሁ። ፈራሁ። ልጆች አሉኝ።”

“ልጅቷም የሰው ልጅ ናት” አለ ኢንስፔክተሩ። “ኤጭ።”

መነጽሩ የቀዳውን እዚያው ቁጭ ብሎ አየው። የአዛውንቱ ፊት የተኮማተረ ነው፤ ጣታቸው አንሶላውን ያሻል። መርፌው ይገባል። ጥቂት ቆይቶ ግንባራቸው ይፈታል፣ ከንፈራቸው ይላላል፣ ጣታቸው አንሶላውን ይለቃል። ሰው ከባድ ሸክም አውርዶ ሲቀመጥ የሚታየው ፊት ነው። “ፊቱ አይነበብም” የሚል ጽሑፍ በላዩ መጣ። ከዚያ ምስሉ ዞረ፤ ኮሪደር፣ ደረጃ፣ የምድር ቤቱ በር። ልጅቷ ጥላቸው ወጥታለች።

ሲስተር ሁለተኛ ሲጠራት እጇን አላጣጠፈችም።

“የክፍልዎ ማስታገሻ ከየት ነበር የሚመጣው?”

“ለብቻው ካቢኔት ነበረው። ለጥናት ነው ብለው ቁልፉን ፕሮፌሰሩ ወሰዱት። ረቡዕ መለሱልኝ። ከሐሙስ ጀምሮ ከዋናው ፋርማሲ ነው።”

“ካቢኔቱ ውስጥ የተረፈስ?”

ከኪሷ ቁልፍ አውጥታ የራሷን መሳቢያ ከፈተች። ሁለት ብልቃጦች በፋሻ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ክዳናቸው ያልተነሳ ይመስላል። ኢንስፔክተሩ ወደ መስኮቱ ይዟቸው ሄዶ አያቸው፤ ክዳኑ ጠርዙ ላይ ተፈልቅቆ ተመልሶ ተጭኗል፣ ሥር ባለው ጎማ ላይ የመርፌ ቀዳዳ አለ።

“ያውቁ ነበር?”

“ነገሩ አላማረኝም ነበር።”

“አላማረኝም ብለው ብልቃጡን ደበቁ። ከዚያ መጥተው ልጅቷን ሌባ አሉልኝ።”

“ፕሮፌሰሩ እኮ ናቸው” አለች፤ ይህን ስትል ድምፅዋ የተማሪ ድምፅ ሆነ። ላቦራቶሪው በዚያው ቀን መልስ ሰጠ። በብልቃጦቹ ውስጥ ያለው የጨው ውሃ ነው።

ፕሮፌሰሩ እሑድ ጠዋት ወደ ጣቢያው የገቡት በፈቃዳቸው፣ ሽቶ ሽቶ እየሸተቱ፣ ከበረኛው ጀምሮ ለሁሉም “ደከማችሁ” እያሉ ነው። ሳይጠየቁ ጀመሩ።

“ልጅቷ ታሳዝናለች። እኔ ሐሙስ ሌላ ከተማ ጉባኤ ላይ ንግግር እያደረግሁ ነበር፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ይመሰክራል።”

“አጣርቻለሁ። ሐሙስ ምንም አላደረጉም” አለ ኢንስፔክተሩ። “ሰውየውም የሞቱት እርስዎ ምንም ባላደረጉበት በመጀመሪያው ቀን ነው።”

ሁለቱን ብልቃጦች ከፊታቸው አቆመ።

“ሞርፊኑን እያወጡ ውሃ ሞሉበት። በሽተኞቹ አቃሰቱ፣ ካሜራው ቀዳ። ሐኪሙ አልሠራም እያለ ጨመረ፤ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ ሦስት ሆነ። ውሃ ስለሆነ ማንንም አልገደለም። መነጽሩም ሦስት ልክ ነው ብሎ ተማረ፣ ልጅቷም ከመነጽሩ ተማረች። ረቡዕ የሚፈልጉትን አግኝተው ቁልፉን መለሱ። ሐሙስ እውነተኛው መድኃኒት መጣ፣ መጀመሪያ የተወጉትም ልብስ ሰፊው ነበሩ፤ መጠኑ ግን የውሃው መጠን ነበር። አንድ ቃል ቢናገሩ ሰውየው በሕይወት ይኖሩ ነበር።”

ፕሮፌሰሩ ብልቃጦቹን ትኩር ብለው አዩ። አልካዱም። የካዱ ቢሆን ለኢንስፔክተሩ በቀለለው ነበር።

“ብናገር ለምን እንደሆነ ይጠየቃል” አሉ። “ሐኪሞቹ በራሳቸው ይደርሱበታል ብዬ አሰብኩ። ይገባዎታል? መጀመሪያ ተዋናዮች ቀጥረን ሞከርን፤ ማሽኑ የውሸት ፊት ተማረ። እውነተኛ ህመም ማስመሰል አይቻልም። ከእነዚህ ጥቂት ሰዎች ስንትና ስንት ነርስ ይማራል። ደግሞም እኔ ማንንም አላሳመምኩም። ህመሙ የራሳቸው ነበር።”

የኢንስፔክተሩ ከንፈር ተጣመመ። የተለመደችው ቃል አፉ ላይ መጥታ ነበር፤ ለዚህኛው አነሰችበት። ከዚያ ወዲያ ሰውየውን “እርስዎ” ማለትም አቃተው።

“ካቢኔቱን ከፍተህ ስትገባ ሰዎቹ አያዩህም ነበር?”

“ያዩኛል። ሰላምታ ይሰጡኛል።”

“ልብስ ሰፊውም?”

“እሳቸውማ በጣም ጨዋ ሰው ነበሩ” አለ ፕሮፌሰሩ። “የጋውኔን አንገትጌ አይተው በደንብ አልተሰፋም፣ ስድን አስተካክልልሃለሁ አሉኝ።”

ኢንስፔክተሩ ተነስቶ መስኮት ከፈተ። ሽቶው ነው ብሎ ራሱን ሊያታልል ሞከረ። ቃሉን አስፈረመው፤ ልጅቷ በግድያ እንደማትከሰስ ለዐቃቤ ሕግ ደውሎ ነገረ፤ አጃቢውንም ጠራ። ፕሮፌሰሩ እጁን ለካቴና ዘርግቶ ሳለ ዞር አለ። አንድ ነገር ሲከነክነው የቆየ ሰው ይመስላል።

“አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት? የልጅቷ መነጽር ሐሙስ ዕለት እየቀረጸ ነበር?”

“ምን ልታደርግበት?”

“መርፌው ከገባ በኋላ ፊታቸው ፈታ ብሎ ነበር? ዐርፈው ነበር? ለእኛ እኮ የጎደለን እሱ ብቻ ነው።”

ኢንስፔክተሩ አፈጠጠበት። በሰውየው ፊት ላይ ፍርሃት የለም፣ ጸጸት የለም። ጉጉት ነው ያለው። የከረሜላ ወረቀት የሚፈታ ሕፃን ላይ የሚታየው ዓይነት ጉጉት።

“ውሰደው” አለ ለአጃቢው።

በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ የልብስ ሰፊው ልጅ ትጠብቀዋለች። ከወንበሩ ሌላ ጫፍ ተለማማጇ ጋውኗን ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛ ተቀምጣለች፤ አሁን ነው የተፈታችው፣ ወዴት እንደምትሄድ ገና አላወቀችም። ሁለቱ አይነጋገሩም፤ አንዷም ግን ተነስታ አልሄደችም። ፕሮፌሰሩ በካቴና በፊታቸው አለፈ።

“እሱ ነው?” አለች የልብስ ሰፊው ልጅ።

“እሱ ነው፣ እህቴ።”

“ስለ አባዬ ያለው ነገር አለ?”

ኢንስፔክተሩ መልስ ፈለገ። እውነቱን ቢነግራት ያን የጓጓ ፊት በልቧ ይዛ ወደዚያ ወንበር፣ ወደዚያ እጅጌ አልባ ኮት ልትመለስ ነው። በአባቷ ላይ የተናገረችው ራሱ ይበቃታል።

“ጠየቀኝ” አለ። “መጨረሻ ላይ ዐርፈው እንደሆነ።”

ሴትየዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ቀና ስትል ዓይኗ እርጥብ ነው፣ ድምፅዋ ግን ለስልሷል።

“እንግዲያው ትንሽ ሰብአዊነት ተርፎታል ማለት ነው” አለች። “እግዜር ይይለት።”

ኢንስፔክተሩ ራሱን ነቀነቀላት። ያን ቀን ምሳ አልበላም፣ ራትም አልበላም፤ ሚስቱ ምን እንደሆነ ብትጠይቀው አልነገራትም።